በየአጥሩ ጥግ መቆም

ጥር 14 ቀን 2003፣ ሞላሌ

አቧራ ጠጥቼ፣ ወገቤ ተቀጥቅጦ ደረስኩ። አባዬን አልጋ ላይ ተጋድመው ሳገኛቸው ምን እንደምል መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። እሳቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "ምነው ሰርኬ፣ ሰው ለጥምቀት የሚመጣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው?" አሉኝ። የተለማመድኩት ሁሉ ከንቱ ቀረ።

ነገሩን የነገሩኝ እቴቴ አያልነሽ ናቸው። የአባዬ ታናሽ እህት፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ የአባዬን ቤት የያዙት እሳቸው ናቸው። ከእቴቴ ጆሮ ያመለጠ የሞላሌ ወሬ ገና አልተወለደም። እኔ መጽሔት ላይ "ከአጥር ወዲህ" እያልኩ በየአሥራ አምስት ቀኑ የማወራውን ሙያ የወረስኩት ከእሳቸው ነው። ልዩነቱ እኔ ይከፈለኛል።

ታቦቱን ሸኝተው ዳገቱን ሲወጡ አባዬ ደረታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ አሉኝ። ላብ በላብ። ፊታቸው አመድ መሰለ። "እንደ እርጥብ ባና ተጫነኝ" ብለው ነበር። እርጥብ ባና ስንት እንደሚከብድ የሚያውቁ ሰው ናቸው ይህን ያሉት፤ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ሲሸምኑ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት።

ጋሼ መኳንንትን ማንም አላነሳም። የአባዬ ታናሽ ወንድም፤ እንደ አባዬ ቀጭን፣ እንደ አባዬ ሸማኔ። መወርወሪያውን እንደያዘ ነው ድንገት የቀረው። ያኔ "ምች ነው" ተባለ፣ ተቀበረ። እቴቴ ወሬያቸው እዚያ ሊደርስ ሲል አቋረጡና ስለ በግ ዋጋ ጀመሩ።

እኔ እያለሁ አባዬ ምንም አይሆኑም። ለአንባቢ ብጽፈው ጉራ ይባላል። ደብተሬ ግን ያውቀኛል።

ጥር 18፣ ደብረ ብርሃን

ሐኪሙን መምረጥ አላስቸገረኝም። ዶክተር ምንተስኖት፣ ሁለተኛ ደረጃ አብረን የተማርን፣ ያኔ የሒሳብ የቤት ሥራውን የሚያስኮርጀኝ ልጅ፤ አሁን እዚህ ክሊኒክ ከፍቷል። "ሳይበሉ ይምጡ" ስላለ፣ ዕለቱም ረቡዕ ስለሆነ፣ አባዬ ገና ሳያዩት ወደዱት። "ይህስ ቀን የሚያውቅ ሐኪም ነው" አሉ።

ልባቸውን በማሽን አየ። ደም ወሰደ። ከሰዓት ጠራን።

"አባባ፣ ወደ ልብዎ የሚሄደው ቧንቧ ሳይጠብ አልቀረም። ኮሌስትሮልዎም በጣም ከፍ ብሏል።"

"ኮሌስትሮል ማለት ያ ስቡ?"

"አዎ፣ እንደዚያ ይሁን።"

"ተሳስተህ የሌላ ሰው ደም እንዳይሆን፣ ልጄ። እኔ ቅቤ የማየው ለዓመት በዓል ነው።"

"ጉበትዎ ራሱ ይሠራዋል፣ አባባ። አንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ አብዝቶ ይሠራል፤ ከዘር ነው።" ይህን ሲል ወደ እኔ ዞረ። "ሰርካለም፣ አንቺም ደምሽን መታየት አለብሽ።"

"ከፋሲካ በኋላ" አልኩት።

"ገና ጾሙ ሳይገባ?"

"ሥራ አለብኝ። ከፋሲካ በኋላ።"

ሁለት ብልቃጥ ክኒን ሰጣቸውና ብልቃጦቹ ላይ "ጠዋት ከቁርስ በኋላ" ብሎ ጻፈ። ሁለት ወር ወስደው ካልተሻላቸው አዲስ አበባ ሄደው የልባቸው ቧንቧ በፊልም ይታያል። አባዬ መኪና ውስጥ ገና በሩ ሳይዘጋ "አዲስ አበባ አልሄድም" አሉ። "ካልተሻለዎት ነው እኮ" ስላቸው፣ "ይሻለኛል" ብለው ጨረሱት።

ይሻላቸዋል። መድኃኒት በመውሰድ አልሰጋባቸውም፤ አባዬ የታዘዙትን ቃል በቃል የሚፈጽሙ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ለታመመ በግ መድኃኒት "ጀምበር ሳትወጣ ስጡት" ተባሉ። ጀምበር ቀድማቸው ወጣችና ለነገ አሳደሩት። በጉ ዳነ፤ እሳቸውም ትክክል እንደነበሩ እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

ጥር 30

ቂጣቸውን በተልባ ይበላሉ፣ ክኒኑን ይውጣሉ፣ ወደ ሸማ ጉድጓዳቸው ይገባሉ። ዛሬ ገበያ ደርሰው መጡ። መንገድ ላይ አንድም ጊዜ አልተቀመጡም አሉኝ እቴቴ።

ግን ጥርሳቸው። የኋላ መንጋጋቸው መግል ከያዘ ዓመት አልፎታል። በዚያ በኩል አያኝኩም፣ አይናገሩም ማለት ይቻላል። ለምንተስኖት ነገርኩት። ስልክ የሚይዘው ዳገቱ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ብቻ ስለሆነ በየቀኑ እወጣለሁ።

"ይነቀል!" አለኝ ጮኾ።

"ጥርስንና ልብን ምን አገናኘው?"

"ልንገርሽ፣ ግን እንዳትጽፊው።"

"እሺ" አልኩ፣ ብዕሬን እየፈለግሁ።

ስመለስ ሳይሆን ስወጣ ጎረቤታችን እትዬ አበዛሽ አጥር ጋ ቆሜ ብዙ ተጫወትን። ምራታቸው ዓለም ከተማ ሄዳ ቀረች። ደግ አደረገች። ግራ ክንዴ ዝሏል፤ ይህን ሁሉ መጽሔት በቦርሳ ለማን ብዬ እንደምሸከም እንጃ።

የካቲት 5

ምንተስኖት የነገረኝን መጀመሪያ ለራሴ ላስረዳ። አለቃዬ ወልደ ጻድቅ ስለ ልብ ጻፊ ካለኝ ቆይቷል፤ "ግን ሪሴፕተር የሚል ቃል ካየሁ አንባቢ ከማምለጡ በፊት እኔ አመልጣለሁ" ብሏል።

እንግዲህ። ኮሌስትሮል ጠላት አይደለም፤ ሰውነት የሚሠራበት ዕቃ ነው። በደም ውስጥ የሚዞረው ተቋጥሮ ነው። ሲበዛ ቋጠሮው የደም ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል፤ እዚያ ከርሞ እንደ ቆየ ቅቤ ይበላሻል። ሰውነት ደግሞ የሚጠብቁት ሴሎች አሉት፤ ጀርሙን፣ የሞተውን፣ የተበላሸውን የሚውጡ። ሴል ዓይን የለውም። ምን እንደመጣበት የሚያውቀው ገላው ላይ በተተከለ ተቀባይ ነው። ሪሴፕተር የሚባለው ይኸው ነው፤ ወልደ ጻድቅ ይቅር ይበለኝ።

ሰርግ ልበለው። ትልቅ ዳስ። ዋናው በር ላይ የቆመችው ተቀባይ ልባም ናት፤ ወንበር ሲሞላ "ሞልቷል" ትላለች፣ ትዘጋለች። ብዙዎቹ የሰውነታችን ሴሎች በር እንዲህ ነው። የጠባቂዎቹ ሴሎች ዳስ ግን የጎን በር አለው። እዚያ የቆመችው አዛኝ አክስት ናት። የተቀደደ የለበሰውን፣ የቆሸሸውን፣ ማንም የማይፈልገውን ሁሉ "ግባ የኔ ልጅ" ትላለች። በቃ ማለት አታውቅም። የተበላሸው ኮሌስትሮል የሚገባው በእሷ ነው። ዳሱ ያብጣል፣ ይወጠራል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት አረፋ ይመስላል አለኝ። እነዚህ አረፋዎች ተከምረው ናቸው ቧንቧውን የሚያጠቡት።

የዚህ መላው የጓሮ በር ነው። እዚያ አንድ ሰው ቆሟል፤ ዳሱ መሙላቱን ሲያይ የጠገቡትን በጓሮ ያስወጣል። ውጭ የሚጠብቁ መኪኖች አሉ፤ "ጥሩው ኮሌስትሮል" የምንለው እነሱን ነው፤ ጭነው ወደ ጉበት ይወስዳሉ። ይህም ሰው ተቀባይ ነው፤ ሴሉ ውስጥ ተቀምጦ ሙላቱን የሚሰማ።

አሁን ወሬው። በዚህ መሐል አንዱ ከውጭ "ሌባ!" ብሎ ይጮኻል። ጀርም ሲመጣ የሚጮኽ ሌላ ተቀባይ አለ። የጓሮ በሩ ሰውዬ ይህን ሲሰማ በሩን ዘግቶ፣ ዱላ ይዞ ወደ ፊት ይሮጣል። ሌባው ቶሎ ከተያዘ ደግ፤ ተመልሶ ይከፍታል። ጩኸቱ በየቀኑ ከሆነስ? እንደ አባዬ ጥርስ ዓመት ሙሉ ከሆነስ? የጓሮው በር ተዘግቶ ይኖራል፣ አክስትየዋ ማስገባቷን አትተውም።

ምንተስኖት አስጠንቅቆኛል። "ይህ በቤተ ሙከራ፣ በአይጥ ላይ የታየ ነው። የአባትሽ ጥርስ ልባቸውን አሳመመው አላልኩም። ጥርሱ ስለበሰበሰ ይነቀል።" ይህንንም እጽፈዋለሁ።

የካቲት 6

ከቅዳሴ መልስ ለአባዬ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ሰርጉ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም አባዬ፣ ምሳሌ ነው።"

"ያለ ባለቤት ሰርግ የለም።"

"የእርስዎ ነው እንግዲህ።"

"ሌባውስ?"

"ጥርስዎ።"

እቴቴ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው "ወንድም ጋሼ፣ ሌባ አፍህ ውስጥ ደብቀህ ነው ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ያላወራኸው!" አሉ። አባዬ እሳቸውን አላዩም። "ያቺ የጎኗ በር ሴትዮ" አሉ፣ "አያልነሽን ትመስላለች።"

የካቲት 9

ጥርሱ ወጣ። መሐል ሜዳ ከተማ ወስጃቸው። አልጮኹም። ነቃዩ ሲያሳያቸው "ይኼ ነው?" ብለው በመሐረባቸው ቋጠሩት።

የካቲት 14

ጽሑፉን ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ልኬ ነበር፤ ዛሬ ዳገቱ ላይ ሳለሁ ወልደ ጻድቅ ደወለ፤ "ሪሴፕተር አምስት ጊዜ አለ!" አለኝ። "ግን ሚስቴ አነበበችው፣ የጎን በሩን አክስት ከእናቴ ጋር አመሳሰለችብኝ፤ ይታተም።" መጨረሻው ላይ ምክር ጨምሬበታለሁ፤ የታዘዘላችሁን ክኒን ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ሳታቋርጡ።

አባዬ ዳገቱን ሳይቆሙ ወጡ። ከኋላቸው ሆኜ አይቻለሁ። ከኋላቸው የቀረሁት ሆን ብዬ ነው፣ እንዳይቸኩሉ።

የካቲት 20፣ ቅበላ

እቴቴ ዶሮ ሠሩ። አባዬ አንድ እግር በሉ፣ ቆዳውን ለድመቷ። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ባለፈው ዓመት ይህን ቀን አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ ዘንድሮ እዚህ መሆኔ ደስ ይላል። አባዬ ወዛቸው ተመልሷል። አዲስ አበባ መሄድ ሳያስፈልግ ሊቀር ነው። እኔ አልኩ አይደለም?

የካቲት 23

ጾሙ እዚህ ቤት ቀልድ የለውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ የለም። እቴቴ እኔም እንደዚያ የምጾም ይመስላቸዋል፤ እኔም አይደለም አላልኩም። ሥጋና ቅቤማ ትቻለሁ። ግን ጠዋት ባዶ ሆድ መጻፍ አልችልም፤ ከሱቅ የገዛኋትን ዳቦ ክፍሌን ዘግቼ እበላለሁ። ፍርፋሪውን በመስኮት ለወፍ። ስለዚህ ጠዋት ከአባዬ ጋር አልገናኝም። ከሰዓት ግን አብረን ነን።

ምንም አይደለም። እግዜር ሆዴን ያውቀዋል።

መጋቢት 4፣ እሁድ

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ አብረን ቁጭ አልን። አባዬ ቂጣቸውን እንደጨረሱ ብልቃጦቹን አወጡ፣ ከሁለቱም አንዳንድ ዋጡ፣ መልሰው ከደኑ። ሰዓት የሚሞላ ሰው ይመስላሉ። ሌላው ጸሐፊ ቢሆን አባቱ መድኃኒት እንዲወስዱ ሲለምን ይኖር ነበር። የኔ አባት ራሳቸው።

መጋቢት 12

መጽሔቱ ደረሰ። ያመጣው የአውቶቡስ ሾፌር ሳይቀር አንብቦታል፤ "የጓሮ በሬን ክፈቱልኝ እያልኩ ነው" አለኝ።

እቴቴ ዛሬ የነገሩኝ፦ "ወንድም ጋሼ ዘንድሮ ወሬ ወዳድ ሆኗል።" እውነትም። ዳገቱን ሲወጡ እትዬ አበዛሽ አጥር ጋ ይቆማሉ። ከፍ ብሎ ሌላው ጎረቤታችን ኃይለመስቀል አጥር ጋ ይቆማሉ። በሕይወታቸው ከሰላምታ በላይ ከማንም ጋር ያልተነጋገሩ ሰው! ጥርሱ ወጥቶ ምላሳቸው ተፈታ አልኩ። እቴቴ ግን አልሳቁም። "ምን እንደሚያወሩ አበዛሽን ጠየቅኳት። ደህና ዋላችሁ ብሎ ዝም ብሎ ይቆማል አለችኝ።"

ሰው ሲሻለው ሰው ያምረዋል።

መጋቢት 19

ትናንት ደብረ ዘይት ነበር። ረጅም ቅዳሴ። አባዬ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ሁልጊዜ መሐል ነበር የሚቆሙት። "ብርድ ነው" አሉኝ። ብርድ ነበር።

ሽመናውን እኩለ ቀን ላይ ትተው ወጡ። ክሩ ይበጠሳል አሉ። ክሩ ይበጠሳል ወይ ብዬ እቴቴን ብጠይቃቸው፣ "የወንድም ጋሼ ክር?" ብለው መልሰው ጠየቁኝ።

እኔም ዛሬ ዳገቱ ረዘመብኝ። የሞላሌ አየር ስስ ነው። አዲስ አበባ ሳንባዬን አሞላቀቀችው። ኃይለመስቀል አጥር ጋ ቆሜ ስለ በጎቹ ጠየቅሁት፤ ስለ በግ ይህን ያህል እንደማውቅ አላውቅም ነበር።

የምንተስኖት ሁለት ወር ትናንት ሞላ። ክኒኑም ሊያልቅ ነው። ሾፌሩ ብልቃጦቹን ወስዶ ያስሞላልኝ ይሆናል፣ ቀጠሮው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ይሁን።

መጋቢት 26

ይህን የምጽፈው በቁጣ ነው።

ከሰዓት ብልቃጦቹን ለሾፌሩ ልሰጥ ከሳጥናቸው አወጣሁ። ከበዱኝ። ነቀነቅኋቸው፤ እንደ ሽምብራ ጮኹ። ባዶ መሆን ነበረባቸው።

አባዬ ሸማ ጉድጓዳቸው ዳር ተቀምጠው ነበር።

"አባዬ፣ ይህ ምንድነው?"

"መድኃኒቴ።"

"ማለቅ ነበረበት እኮ!"

"እንዴት ያልቃል? ጾም ነው።"

"ጾም ክኒን ይከለክላል?"

"ክኒን አላልኩም። ቁርስ ነው። ሐኪሙ ከቁርስ በኋላ ነው ያለ። ቁርስ የለም።" ለአንድ ሞኝ እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። "ቅዳሜና እሁድ ስንቀምስ ወስጃለሁ። ሌላው ለፋሲካ ተቀምጧል። አንድም አልባከነም።"

"ረቡዕና ዓርብስ? ከጾሙ በፊት?"

"ረቡዕና ዓርብ ቁርስ እበላ ነበር እንዴ?"

ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉን አላስታውስም። "ለማን እያስቀመጡት ነው?" ማለቴን አስታውሳለሁ፤ እሱን ባልጻፈው ደስ ባለኝ። እቴቴ እየሮጡ መጡ።

"ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ!"

"እቴቴ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?"

"እኔማ በማለዳ ወደ ውኃው እወርዳለሁ። አንቺ አለሽ ብዬ ነው! ጠዋት ጠዋት የት ነበርሽ?"

ዳቦዬን ነው ያሰብኩት። ያንን ደረቅ፣ ጣዕም የሌለው የሱቅ ዳቦ። አባዬ ጎን ቁጭ ብዬ በባዶ ሆድ ሳነጋግራቸው ባረፍድ የማየውን ነገር፣ እኔ በር ዘግቼ ሳኝክ ለወፍ በተንኩት።

"ደረትዎን ያምዎታል?" አልኳቸው፣ ድምፄ ሲወርድ።

"ስቆም ይተወኛል።"

"የት ነው የሚቆሙት?"

"አበዛሽ አጥር። ከዚያ ኃይለመስቀል ጋ። ሰው ሲያይ ምን ልበል? ደህና ዋላችሁ እላለሁ።"

ተቀመጥኩ። እሳቸውም የክሩን ጫፍ ያሹ ነበር።

"አንቺስ?" አሉኝ።

"እኔ ምን?"

"አንቺም እዚያው ነው የምትቆሚ። እኔ ከቆምኩበት አጥር።"

"እኔ ለወግ ነው፣ አባዬ።"

"እኔም ለወግ ነበር" አሉ።

መጋቢት 27

ምንተስኖትን ደውዬ ነገርኩት። "እኔ የቄስ ልጅ ነኝ" አለ፤ "የቄስ ልጅ ሆኜ፣ ጾም እየመጣ፣ ለአንድ የመንዝ ሽማግሌ 'ከቁርስ በኋላ' ብዬ ጻፍኩ!" የኮሌስትሮሉ ክኒን በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳል፤ ሁለተኛው፣ አስፒሪኑ፣ ምግብ ይፈልጋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲቀምሱ ሁለቱንም። ይኸው ነበር መፍትሔው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ቢጠይቃቸው። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

አባዬ ግን በስልክ የተባለውን አይቀበሉም፤ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው። የንስሐ አባታቸው አባ ገብረየሱስ መጡ። ታሪኩን ሲሰሙ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ ተቆጡ።

"ቢተው" አሉ አባዬን በስማቸው ጠርተው፣ "ስንት ጊዜ ነው ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ ያስተማርኩት?"

"አባ፣ እኔ ጾሙን መች ያላሉልኝ አልኩ? ሐኪሙ ነው ከቁርስ በኋላ ያለ።"

"እኔ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብያለሁ። የማን ይበልጣል?"

አባዬ አሰቡ። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዋጡ።

ለወልደ ጻድቅም ደውያለሁ። "ከቁርስ በኋላ" ብዬ በስንቱ ቤት ሳጥን ውስጥ ክኒን እንዳስቀመጥኩ እንጃ። ማረሚያ በትልቁ ይወጣል፤ "የምትጾሙ ሰዎች፣ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ" የሚል። "ተነጋገሩ" ሁለት ጊዜ ይጻፍ ብያለሁ።

መጋቢት 30፣ ደብረ ብርሃን

ዓርብ። ሁለታችንም ሳንበላ። እኔ እውነቴን ሳልበላ።

ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነርሷ "የማን ነው የሚወሰደው?" ስትል አባዬ እጀታቸውን ሳይሰበስቡ ጠበቁ። እኔን ነው የሚጠብቁት። ሰበሰብኩ። ያኔ እሳቸውም ሰበሰቡ። ክንዳችን አንድ ዓይነት ነው፤ ቀጭን፣ ደም ሥሩ የወጣ። እስከ ዛሬ ከእናቴ የወሰድኩት ይመስለኝ ነበር።

የአባዬ ልብ ማሽኑ ላይ ካለፈው የከፋ ነገር አሳይቷል። ምንተስኖት ምንም አላለሳለሰም። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ቧንቧው ይታያል፣ የጠበበው ይከፈታል። እስከዚያ ክኒኑ በየቀኑ፣ ዳገት በቀስታ።

"አባባ፣ አዲስ አበባ አልሄድም እንዳሉ ሰርካለም ነግራኝ ነበር።"

"እሷም አብራኝ ከታየች እሄዳለሁ።"

የእኔ ውጤት ማታ ደረሰ። ምንተስኖት ወረቀቱን አገላብጦ፣ በሒሳብ ክፍል እንደሚያየኝ አየኝ። "ከአባትሽ ይበልጣል" አለ። "ዳገት ስትወጪ ግራ ክንድሽን ይይዝሻል?"

"ቦርሳው ነው" ልለው ነበር። አባዬ አጠገቤ ቆመዋል።

"አዎ" አልኩ።

ማታ ስለ ራሴ ዳስ አሰብኩ። የጎኗ አክስት ስንት ዓመት ስታስገባ እንደኖረች። የጓሮውን ሰውዬ በጭስ ስንት ጊዜ ወደ ፊት እንደጠራሁት፤ ሲጋራ ማቆሜን አምና ለደብተሬ ነግሬያለሁ፣ መልሼ መጀመሬን ግን አልነገርኩም። ይኸው ነገርኩ። ጋሼ መኳንንት "ምች" ተብሎ ሄደ፤ ማንም ተቀባዩን አልጠየቀለትም። እኛ ግን የበሽታውን ስም አውቀነዋል። ስሙን ያወቁትን ነገር ማስቆም ይቻላል። አይቻልም ካሉኝ ደግሞ እስኪቻል እጮኻለሁ፤ አሁን ግን ከፊት ሳይሆን ከጓሮው በር ቆሜ።

ሚያዝያ 17፣ የፋሲካ ማግስት

እንኳን አደረሰኝ።

ትናንት ቁርስ መጣ። አባዬ ብልቃጦቻቸውን ገበታው ላይ አስቀመጡ፣ የእኔንም ከጎናቸው ደረደሩ፣ "እንግዲህ አሁን ቁርስ ነው፤ ማንም የሚከራከረኝ የለም" አሉ። እቴቴ የበጉን ላት አመጡ። በኛ ቤት ላቱ የአባዬ ነው፤ ከአያቴ ጀምሮ። አባዬ ሳህኑን አዩት፣ ወደ እኔ ገፉት። እኔም አየሁት፣ መልሼ ገፋሁት። መሐል ላይ ቆመ።

"ለአበዛሽ ይሂድላት" አሉ አባዬ።

"እሷስ ምን አድርጋህ ነው?" አሉ እቴቴ።

ሁላችንም እስክናነባ ሳቅን። ላቱን በመጨረሻ ድመቷ ወሰደችው። ደሟን ማንም አልመረመረላትም።

ዛሬ ሁለታችን ለብቻችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። በዳግማ ትንሣኤ ማግስት አዲስ አበባ ነን፤ አልጋም ተይዟል፤ እኔም አልፈራሁም ማለት ይቻላል። ዳገቱ ተጀመረ። እትዬ አበዛሽ አጥር ጋ ስንደርስ አባዬ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ፣ ዓይናቸው ከአንዳችን ወደ አንዳችን ተመላለሰ።

"ደህና ዋላችሁ? ምነው አባትና ልጅ? ምን ወሬ አለ?"

ለአባዬ የምመልስ እኔ ነበርኩ፤ ሙያዬ ነው። እሳቸው ቀደሙኝ።

"ወሬ የለም" አሉ፣ እጃቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው። "እያረፍን ነው።"